ሾንኬ፣ ጣሪያ ላይ የሚኬድበት መንደር

ወሎ፣ ሐርቡ ላደገ ልጅ ሾንኬ መጀመሪያ በጆሮ የሚደርስ አገር ነው። በገበያ ቀን ከዚያ ኩታ ተሸክመው የሚመጡ አርጎባዎች ነበሩ። እናቴ ሸማውን በጣቷ እያሸች ትከራከራቸዋለች፤ እነሱም ዋጋውን ሳይቀንሱ ይመርቋታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አጎቴ ጫቱን ይዞ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲቀመጥ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሸህ ጀውሀር ላይ ያርፋል። ሸህ ጀውሀር ቢን ሐይደር በ1937 (እ.ኤ.አ.) ያረፉ የሾንኬ ዓሊምና ሱፊ ናቸው። እኔ ግን በሕይወት ያሉ ይመስለኝ ነበር፤ አጎቴ «ሸሁ እንዲህ አሉ» የሚለው ትናንት አብሯቸው እንዳመሸ ሰው ነዋ!

ወስዶ ያሳየኝም እሱ ነው። የጨፋን ረግረግ በመኪና አልፈን ከሚሴ ወረድን፤ ኋላ ላይ ጉዞው በእግር ሆነ፣ ዳገቱም ልብ ያወልቃል። ከታች ሆኜ ባይ ባይ መንደር የለም። ቤቶቹ የተሠሩት ከራሱ ከተራራው ድንጋይ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ቆሞ እስኪጣራ ድረስ ከአለቱ አይለዩም።

እላይ እንደደረስን ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ሜዳ አገኘሁ ብዬ ስፈነጭ ከእግሬ ሥር የሴት ሳል ሰማሁ፤ ቀጥሎ የቡና ሽታ መጣ። ለካ የሰው ጣሪያ ላይ ነኝ! ቤቶቹ በዳገቱ ላይ እንደ እርከን የተደረደሩ ናቸውና የታችኛው ጣሪያ ለላይኛው ደጅ ይሆነዋል። ባለቤቲቱ ወጥታ «የማን ልጅ ነህ? በል ና፣ ግባ፤ እንግዳ በበር ነው የሚገባ» አለችኝ። አጎቴ ሊቆጣኝ ሲል እሷ አላስቆጣችኝም።

ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነበር። ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ ክንድ የሚያህል ውፍረት አለው። አግዳሚው እንጨት በጢስ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ በላዩ ጭራሮ፣ በጭራሮው ላይ የተደለደለ አፈር አለ። ምሰሶውን ብነካው እጄ ጥላሸት ሆነ። ሴትዮዋ ሳቀችና ጢሱ ምስጥ እንደማያስደርስ ነገረችኝ። ከልጆቿ ጋር በአርጎብኛ ስታወራ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ያመልጠኛል።

ሰው ለምን እዚህ ጫፍ ላይ ይሰፍራል? አጎቴ «ለዲን» ብሎ ዘጋው። ካደግሁ በኋላ መልሱ ሰፋ አለልኝ። ቆላው ወባ አለበት፤ የሚታረሰውንም መሬት በቤት መሙላት ኪሳራ ነው። ጊዜውም ቢሆን አያስተኛም ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ሲያስገድዱ፣ በዚሁ በእኛ ወገን ሸህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ተነሥተውባቸዋል። በእንዲህ ያለ ዘመን ደረሳ ሰብስቦ ኪታብ ለማስቀራት የሚመች ከፍታ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን መንደሩን ከዚያ አርቀው 900 ዓመት ይሉታል።

ለሃይማኖት ወይም ለተሻለ ኑሮ ተለይቶ የሰፈረ ሕዝብ ሲነሣ ሰው የሚጠራው ሻሸመኔን ነው፣ ለራስ ተፈሪያኑ፤ ወይም ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ላይ የመሠረቱትን አውራ አምባን። ሾንኬን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህ ሁሌ ያናድደኛል፤ የሐርቡ ልጅ መሆኔም ይሆናል።

በቅርብ ስወጣ ብዙ በሮች ተዘግተው አገኘሁ። ቤተሰቦች ወደ ታች ወርደዋል፤ የቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። አፈር ጣሪያ ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል፤ ከክረምት በፊት ካልተደመደመ ዝናቡ ሰርጎ አግዳሚውን ያበሰብሰዋል፣ እሳት ካልነደደበትም ምስጡ ይገባል። ስለዚህ ቤቱን ቆልፎ «ቅርስ ነው» የሚል ሰሌዳ መስቀል ብዙም አይታየኝም፤ ሳይኖሩበት የሚቆም ቤት አይደለም።

ጣሪያውን በእግሩ እየደመደመ ያገኘሁት አዛውንት ስለ ቅርስ ስጠይቀው ሥራውን አላቆመም። «እናንተ ፎቶ አንሥታችሁ ትወርዳላችሁ» አለኝ። «እኔ ልጆቼ ይውጡልኝ ባይ ነኝ። ውሃ ብታወጡልን ነገ ይመጣሉ፤ ሚስቶቻቸው ጀሪካን ተሸክመው ይህን ዳገት አይወጡማ!»