ከሳሽ ሆኜ ሄጄ ተከሳሽ ሆኜ ተመለስኩ

እንጀራዬ የሰው ኔትወርክ መጠበቅ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋየርዎል አስተካክላለሁ፤ ፓስወርዴን አልቀይርም ያለ ሠራተኛ ካለ እስኪሰለቸው እጨቀጭቀዋለሁ፤ አፕዴት ያልተደረገ ማሽን ካየሁ ከመስመር አወጣዋለሁ። የቤቴ ራውተር ግን ከካርቶኑ የወጣ ዕለት እንደነበረው ሆኖ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አቧራ ለብሶ ዓመታት ተቀምጧል። በሙያው ያሉ ጓደኞቼም ብዙዎቹ ከእኔ አይሻሉም። ማታ ደክሞት የገባ ሰው ቤቱ ሌላ ሥራ እንዲጠብቀው አይፈልግም።

ነገሩን ልጄ ጀመረው ብል ይቀለኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ማይንክራፍት ይጫወታል። ብሎክ እየደረደሩ ቤት፣ ከተማ፣ ሲያሻቸው ዓለም የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወት ያ ዓለም የሚቀመጥበት ሰርቨር ያስፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረውት የሚማሩ ልጆች "የራሳችን ሰርቨር ይኑረን" ተባባሉና፣ የእኔው ልጅ ምድር ቤት የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አንስቶ ሰርቨር አደረገው። ደስ አለኝ። ስልክ ላይ አፍጥጦ ከሚውል እንዲህ ያለ ነገር ሲሞክር ማየት የማይወድ አባት የለም።

"ባባ፣ ልጆቹ ከውጭ መግባት አልቻሉም" አለኝ። ጨዋታው የሚጠቀመው 25565 የተባለውን ፖርት ነው፤ እሱን ብቻ መክፈት ይበቃ ነበር። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ደክሞኛል፣ አቋራጩን ያዝኩ። ኮምፒውተሩን ዲኤምዜድ ላይ አደረግሁት። ዲኤምዜድ ማለት ራውተሩ ከዚያ ማሽን ላይ እጁን ያነሳል ማለት ነው፤ ማንም ያልጠራው ነገር ከኢንተርኔት ሲመጣ በቀጥታ ወደ እሱ ያልፋል። መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው አድርጎት ባገኝ ለአለቃ ሪፖርት የማደርገው ነገር ነው።

ከዚያ የባሰው ግን አድራሻው ነው። ቤት ያለ ሰርቨር የሚገኘው በቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ነውና፣ ልጆቹ ለመግባት ያንን ቁጥር ማወቅ ነበረባቸው። ቁጥሩ ከአንዱ የቡድን መልእክት ወደ ሌላው ተላለፈ። ማን ጋ እንደደረሰ የሚያውቅ አልነበረም፣ የጠየቀም አልነበረም።

ጥቂት ሰንብቶ ማታ ማታ ኔት መጥፋት ጀመረ። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ካሉት እናቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ የእማማ ፊት እንደተከፈተ አፋቸው ደርቆ ይቀራል። ከፎቅ ልጄ "ላግ! ላግ!" እያለ ይጮኻል። እኔ ራውተሩን እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ። ይህን መንቀልና መሰካት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የባለቤቴን ስልክ ነበር፤ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ላይ ሲጭን መስመሩን ያጨናንቃል ብዬ ከለከልኳት። አልፎ አልፎ እውነትም እንደዚያ ይሆናል። ያኔ ግን አልነበረም፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

አንድ ማታ ረጋ ብዬ ፈተሽኩት። በዋይፋይ እንደተገናኘሁ 192.168.1.1 ላይ ያለውን ራውተሬን ፒንግ ሳደርግ ወዲያው ይመልሳል። ከራውተሩ አልፌ ወደ ውጭ ስጠይቅ ግን የሚመለስ የለም። ችግሩ ዋይፋይ ቢሆን ኖሮ ራውተሩ ራሱ ይንገዳገድ ነበር፤ ስለዚህ የታፈነው ከቤት ውጭ ያለው መስመር ነው። የራውተሩን መዝገብ ስከፍት "ዶስ አታክ" የሚሉ መስመሮች ተደርድረዋል። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የቤት ራውተሮች ተራውን የኢንተርኔት ግርግር ሁሉ ጥቃት እያሉ ይመዘግባሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ትራፊኩ የተነሳበት ፖርት ነው። አድራሻው ከዓለም ዳርቻ የተሰበሰበ ነው፤ ፖርቱ ግን ሁሉም 123። ኮምፒውተሮች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት ፖርት ነው። እኛ ደግሞ ማንንም ሰዓት አልጠየቅንም።

ዘዴው ቀላል ነው፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። አጥቂው በላኪው ቦታ የእኛን አድራሻ ይጽፍና፣ በቅጡ ወዳልተዘጉ የሰዓት ሰርቨሮች አጭር ጥያቄ ይልካል። እነሱ ረጅሙን መልስ ለእኛ ያወርዳሉ። የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር አደጋ ቡድን ያወጣው ሰንጠረዥ በዚህ መንገድ የሚመጣው መልስ ከጥያቄው እስከ 556 እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል ያሳያል። የቤታችን መስመር 300 ሜጋቢት ነው። እንግዲህ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ጥያቄ መላክ የሚችል ሰው በስሌቱ ሊያሰምጠን ይችላል።

ሮጬ አዲስ ራውተር ገዛሁ። አንቴናው የበዛ፣ ካርቶኑ ላይ ለጌመሮች ተብሎ የተጻፈበት፣ ዋጋውን ለባለቤቴ ቀንሼ የነገርኳት። ሰካሁት፤ ሰላም ሆነ። ልጄ "ባባ፣ አሪፍ ነህ" አለኝ፣ እኔም አልካድኩም። ቀናት አልፈው ጥቃቱ እንደ ዱሮው ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የኬብል ኢንተርኔት አቅራቢያችን አድራሻ የሚሰጠው የመሣሪያውን መለያ ቁጥር እያየ ነው፤ አዲስ መሣሪያ ሲሰካ አዲስ አድራሻ ሰጠን። አጥቂው የሚደበድበው አሮጌውን ቁጥር ነበር። ያዳነን አድራሻው መቀየሩ እንጂ አንቴናው አይደለም። በር ላይ የቱንም ያህል ጎበዝ ዘበኛ ብናቆም፣ ወደ ሰፈር የሚያስገባው መንገድ በአይሱዙ ከተዘጋ እንግዳም አይደርስም፣ ዘበኛውም የሚመልሰው የለውም። ጎርፉን ማቆም የሚችለው ከእኛ በላይ ያለው አቅራቢ ነው፤ ያም ስልክ ስደውልለት "ነቅለው ይሰኩት" አለኝ።

ታዲያ ጥቃቱ እንዴት አዲሱን ቁጥር አገኘ? ልጄ ለጓደኞቹ ልኮላቸው ነዋ። በላከበት ማታ መጣ። ሩስያ ወይም ቻይና ያለ ሰው ሲመስለኝ የከረመው አጥቂ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዱ ነበር።

ማንነቱን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገም፤ ተጣልቶ ከሰርቨሩ የተባረረ ልጅ ነበር፣ አንዱ ጓደኛው ቁጥሩን አቀብሎታል። አባቱን አውቃቸዋለሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ መኪና ማቆሚያ ነው የሚሠሩት፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መዝገቡን አትሜ፣ ልጄን አስከትዬ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አቀረቡ። እኔም ወረቀቴን ዘርግቼ ክሴን አሰማሁ።

"እንዲያው ይሄ ሕፃን እዚህ ተቀምጦ የእናንተን ቤት ኢንተርኔት እንዴት አድርጎ ነው የሚያቋርጠው?" አሉኝ።

ቡተር የሚባሉ ድረ ገጾች እንዳሉ አስረዳኋቸው። ከፍለህ ትገባለህ፣ የሰውየውን አድራሻ ትጽፋለህ፣ ስንት ደቂቃ እንደምትፈልግ ትመርጣለህ። ሌላ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ጎርፉን የሚያወርዱት ማሽኖች ናቸው። ልጁ ተጠራ። አልካደም። "እሱ ነው የጀመረው" ብሎ ወደ ልጄ ጠቆመ። ልጄ ምንጣፉን ያያል።

አፌ ተያዘ። በካርዴ የወር መግለጫ ላይ "ሆስቲንግ" የሚል ትንሽ ክፍያ አይቼ የማይንክራፍቱ መስሎኝ አልፌው እንደነበር ትዝ አለኝ። ልጄ አስቀድሞ በዚያ ልጅ ላይ ለሰነዘረው ጥቃት የከፈልኩት እኔው ነበርኩ።

ጋሼ አልተቆጡም፣ አልሳቁብኝምም። "እነዚህ የሚያወርዱት ማሽኖች ግን የማን ናቸው?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

"የሰው ናቸው። ባለቤቶቹ አያውቁም።"

"እንዴት አያውቁም?"

"ከካርቶኑ እንደወጡ ስለተዋቸው" አልኩ። ያልኩትን ጆሮዬ ሲሰማው ደነገጥኩ። የሰዓት ሰርቨሮቹ የየድርጅቱ ናቸው፤ ከእነሱ ሌላ ያለው የጥቃት ሠራዊት ግን በአብዛኛው የሚመለመለው እንደ እኔ ካለው ሰው ሳሎን ነው።

የዚህ ሠራዊት ታሪክ ዋናው ምዕራፍ ራሱ ከማይንክራፍት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፓራስ ጃ የተባለ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሚራይ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ኢላማቸው ከነበሩት መካከል የማይንክራፍት ሰርቨሮችና እነሱን የሚጠብቁ ድርጅቶች ነበሩ። ሚራይ ረቂቅ ጥበብ አልነበረውም። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ራውተሮችን፣ ካሜራዎችንና የቪዲዮ መቅጃዎችን እየዞረ ከ60 በላይ የሚሆኑ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ይሞክራል። "አድሚን" ብሎ "አድሚን"። ከገባ መሣሪያው የእሱ ነው። ኮዱን ለሕዝብ በለቀቁ በሳምንታት ውስጥ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2016፣ የድረ ገጾችን አድራሻ በሚመራው ዳይን በተባለ ኩባንያ ላይ በተሰነዘረ ጥቃት ትዊተር፣ ኔትፍሊክስና ስፖቲፋይ ለሰዓታት አልከፍት አሉ።

ቤት ተመልሼ አሮጌውን ራውተር ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ አየሁት። መግቢያው "አድሚን" ነው። ከውጭ ሆኖ የመቆጣጠሪያውን ገጽ ለመክፈት የሚያስችለው አማራጭ በርቷል፤ ማን እንዳበራው አላውቅም፣ ከእኔ ሌላ የሚነካው ግን አልነበረም። ደብሊውፒኤስ የሚባለው በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘው ነገርም ክፍት ነው። ስምንት አሃዝ ያለው የዚህ ፒን አሠራር 11,000 በሚሆን ሙከራ እንደሚሰበር የታወቀው በ2011 ነው፤ ለሠራተኞች ሥልጠና ስሰጥ እኔው የምናገረው ነው። ራውተሬ በሰው ላይ ተሰልፎ ይሆን? ማስረጃ ብፈልግ አጣሁ። ሚራይን የመሰለ ፕሮግራም በጊዜያዊው ሜሞሪ ብቻ ስለሚኖር መሣሪያው ሲነቀል ይጠፋል፤ ፓስወርዱ ካልተቀየረ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ማታ ማታ ስነቅልና ስሰካ፣ ቢኖርም እንኳ ምልክቱን የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ሁለቱን ልጆች አስቀምጬ ስለ ፓራስ ጃ ነገርኳቸው። ከኤፍቢአይ ጋር በመተባበሩ በሚራይ ጉዳይ ከእስር ተርፎ የአምስት ዓመት የገደብና የ2,500 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ቅጣት ተቀበለ፤ የገዛ ዩኒቨርሲቲውን በማጥቃቱ ግን 8.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። የጋሼ ልጅ ዓይኑ በርቶ "ኤፍቢአይ ቀጠረው?" አለኝ። የተያዘለት ነጥብ ሌላ ሆነ። እንግዲያው ብዬ ስለ ዌብስትሬሰር አወራኋቸው፦ በ2018 አውሮፓውያን ፖሊሶች ሲዘጉት ከ136,000 በላይ ተመዝጋቢዎች ነበሩት፣ ዋጋው በወር ከ15 ዩሮ ይጀምር ነበር፣ የተመዝጋቢዎቹም ስም ከሰርቨሩ ጋር ፖሊስ እጅ ገባ። በኋላ ፖሊስ የአንዳንዶቹን በር አንኳኳ። ይሄኛው ገባቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ሰርቨሩ ከቤት ወጣ፤ የጥቃት መከላከያ ያለው ድርጅት ላይ ተከራየን፣ ስለዚህ ልጆቹ የሚጽፉት የድርጅቱን አድራሻ ነው። ስማቸው ከተመዘገበው በቀር ማንም አይገባም። አዲሱ ራውተር ላይ ዲኤምዜዱን ዘጋሁ፣ ከውጭ መቆጣጠሪያውንና ደብሊውፒኤሱን አጠፋሁ፣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ከዋይፋዩ የተለየ አደረግሁ፣ አፕዴቱ በራሱ እንዲወርድ አዘዝኩ፣ ካሜራውንና ቴሌቪዥኑን ለእንግዳ ወደሚሆነው ዋይፋይ አዛወርኩ። አከራካሪው ዩፒኤንፒ ነው፤ ጨዋታዎች ራሳቸው ፖርት እንዲከፍቱ የሚፈቅደው። ከጠፋ አንዳንድ ጨዋታ ያኮርፋል። እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ የሚያስፈልገውን ፖርት በእጄ እከፍታለሁ፣ ልጄም ያጉረመርማል። ቪፒኤን ግዙ የሚሉ ማስታወቂያዎችን አልሰማሁም። አድራሻ መደበቁን ይደብቃሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መዘግየት ይጨምራሉ፤ ሰርቨሩን ከቤት ላወጣ ሰው ደግሞ ጥቅማቸው ትንሽ ነው።

የቀረው አሮጌው ራውተር ነው። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በሰው ሻንጣ ልልክለት አስቀምጬው ነበር፤ ከዚህ ቀደምም አንድ ልኬለታለሁ። ኤፍቢአይ በሜይ 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አምራቾቻቸው አፕዴት ያቆሙላቸው አሮጌ ራውተሮች እየተጠለፉ ለወንጀለኞች መደበቂያ እየተሸጡ መሆኑን ገልጾ እንደ ሊንክሲስ ኢ1200 ያሉ ሞዴሎችን ዘርዝሯል። የእኔው ከዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም አምራቹ ከተወው ቆይቷል። ለወንድሜ ደውዬ ያንን የላክሁለትን አስነቀልኩት። እናንተም ከውጭ ለዘመድ ራውተር የምትልኩ፣ ከመላካችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ ድጋፉ አብቅቷል የሚል ከሆነ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።