ይርጋ የሚሉት ሰውዬ

በዚህ ዕድሜዬ ፈተና ልቀመጥ ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና ለከተሜው እንግዳ አይደለም፤ ቶፍልን ወይም አይልትስን ራሱ ያልተፈተነ፣ ወንድሙ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ተፈትኗል። የእኔው ግን ለሕግ ሰዎች ብቻ የተሰናዳ ነው። ውል አንብቦ መረዳትን፣ ለደንበኛ ደብዳቤ መጻፍን፣ የሕግ ቃላትን በየቦታቸው ማስገባትን ይጠይቃል። ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚደረጉ ውሎችን ለማርቀቅ ሥራ ጠይቄ፣ «ውጤቱን ይዘህ ና» ተብያለሁ።

«ሕጉን የተማርከው በእንግሊዝኛ አይደል? ምን ያስጨንቅሃል?» የሚሉኝ አልጠፉም። እውነት ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የሕግ ትምህርታችን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ያ እንግሊዝኛ ግን የእኛን ሕግ የሚናገር እንግሊዝኛ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ከፈረንሳይኛው ነው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው። ፈተናው የሚሻው ደግሞ የለንደን ችሎት እንግሊዝኛን ነው።

ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩበት። በግራ እንግሊዝኛው፣ በመካከል አማርኛው፣ በቀኝ የሕጋችን አንቀጽ።

የማውቃቸው ቃላት ሁሉ ካዱኝ። «ባተሪ» ሬዲዮ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ ሰውን ያለ ፈቃዱ መንካት ወይም መምታት ሆነ። «ፓርቲ» ድግስም የፖለቲካ ድርጅትም አይደለም፤ ተከራካሪ ወይም ተዋዋይ ወገን ነው። «ባር» ደግሞ መጠጥ ቤት ሳይሆን የጠበቆች ማኅበር። «ኮንሲደሬሽን» ላይ ስደርስ መካከለኛው ዓምድ ባዶውን ቀረ። በእንግሊዞች ሕግ ውል እንዲጸና አንዱ ወገን ለሌላው ቃል በምላሹ አንድ ዋጋ ያለው ነገር መስጠት አለበት፤ ለዚያ ነው ስሙ። በእኛ አንቀጽ 1678 ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ነገሩ በሌለበት ስሙ ከወዴት ይመጣል?

አጸፋውንም ሞከርኩ። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የጥንቱን «ቁራኛ» በመካከለኛው ዓምድ ጻፍኩና በስተግራ የሚተካከለው አጣሁ። ተካካስን ማለት ነው።

አንዱ ቃል ግን አስደሰተኝ። «ሴንተንስ»ን አንደኛ ደረጃ ሳለን «ዓረፍተ ነገር» ብለን ነበር የተማርነው። ለካ በችሎት ዳኛው የሚወስነው ቅጣት ነው። በእኛም «ነገር» ንግግርም ነው፣ ክርክርም ነው፤ «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚባለው ለወሬ ብቻ አይደለም። ቅጣት ሲወሰን ነገር ያርፋል። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች እዚህ ላይ ተገናኙ።

የእንግሊዝኛው ሕግ ለራሳቸው ለእንግሊዞችም ባዕድ ነበር። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ ችሎቱ በጊዜ ብዛት የፈረንሳይኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1362 ሕዝቡ ፈረንሳይኛ ስለማያውቅ ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ያ ዘመን ዱካውን ትቷል፤ ኑዛዜን ዛሬም «ዊል ኤንድ ቴስታመንት» እያሉ በሁለት ቃል ይጠሩታል፤ አንዱ የአገሬው፣ ሌላው ከላቲን የመጣ።

ታዲያ ሕግ በአገር ቋንቋ ከሆነ ባዕድነቱ ይቀራል? እኔ እንጃ። ባለፈው ዓመት አንድ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንዲት እናት ያረጀ የብድር ወረቀት በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ጠበቃው ጎንበስ ብሎ፣

«እማማ፣ ጉዳዩ በይርጋ ቀርቷል» አላቸው።

«ይርጋ ማነው ልጄ?» አሉት። «እኔ ገንዘቤን ያበደርኩት ለእሱ አይደለም!»

በአካባቢው ያለን ሁሉ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «ይርጋ» ከ«ረጋ» የወጣ ንጹሕ አማርኛ ነው። ትርጉሙም ከባድ አይደለም፦ ከውል የመነጨ መብት በመሠረቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ባለዕዳው «ጊዜው አልፏል» ብሎ ከተከራከረ ይቀራል፤ አንቀጽ 1845 ነው። ይህን ጊዜው ሳያልፍ በዚህ ቋንቋ የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘባቸው ባልቀረ ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ይርጋ ግን የሰው ስም ነው።

የፈተናው አንደኛው ክፍል ለደንበኛ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። የሕግ ቃል ለማያውቅ ሰው እንዲገባ አድርገህ አስረዳ ይላል፤ ካልገባው ነጥብ ይቀነሳል። ይህ ክፍል ከሁሉም ከበደኝ። በአማርኛ እንዲህ ብሎ የፈተነን ማን ነው? ዳኛውም፣ ጠበቃውም፣ ነገረ ፈጁም በዚህ አልተመዘነም። እንግሊዝኛው ላይ ቢቀነስ የሚቀነሰው ከእኔ ነጥብ ነው፤ አማርኛው ላይ የሚቀነሰው ከባለጉዳዩ ኪስ ነው።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በደብተሬ ላይ አራተኛ ዓምድ አስምሬያለሁ፤ ቃሉን ለእኚያ እናት ብነግራቸው እንዴት እላቸው እንደነበር የምጽፍበት። ከሁሉ ቀስ ብሎ የሚሞላው እሱ ነው።