ትንሽ ላላ ይበል

እናቴ ሐረጎ ዳገት ላይ ከሞተሬ ወርዳ በእግሯ የሄደችው በኔ ጥፋት ነው። ይህን አፍ አውጥቼ ለመናገር ጊዜ ወስዶብኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሞተሩ አስቸገረኝ» ነበር የምለው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ነበር የምንሄደው፤ ዓይኗን ለመታየት ቀጠሮ ነበራት። «ሚኒባስ ይሻለኛል» ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ሞተሩን ስገዛ የጎደለኝን ከእቁቧ የሞላችልኝ እሷ ናት፤ አንድ ቀን ተቀምጣበት ገንዘቧ የት እንደገባ እንድታይ ፈለግሁ። አሁን ሳስበው ለሷ ሳይሆን ለራሴ ነበር። «አብሽሪ እማ፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ምን አላት?» አልኳት።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ታች ቦርከና ዳር ናት፣ ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር። በመሃል ሐረጎ አለ፤ ከባድ መኪኖች በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ የሚወጡት ጠመዝማዛ ዳገት። ገና ከከተማ ሳንወጣ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ሞተሩ ይነጥራል፣ የእናቴ ሄልሜት ከኔ ሄልሜት ጋር ይጋጫል። ሁለተኛ ማርሽ፣ ቋ። ሦስተኛ፣ ቋ። አንድ ቃል አልተናገረችም። ጃኬቴን የያዘችበት እጅ ግን እየጠበቀ ሲሄድ ይሰማኛል።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ የባሰው መጣ። ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይሰማውም። ጩኸቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይቀንሳል። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝና ዳር ይዤ ቆምኩ። እናቴ ወረደች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሄልሜቷን አውልቃ ሰጠችኝና «አንተ ባዶውን ይዘኸው ና፤ እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደምህ» ብላ መራመድ ጀመረች። ዓይኗ በደንብ የማያይ ሴት፣ በዚያ መንገድ ጠርዝ። ሮጬ ደርሼ፣ ሚኒባስ አስቁሜ እስካሳፍራት ድረስ ትንፋሼ አልተመለሰም። ደሴ ስንደርስ ተራዋ አልፏል። ሌላ ቀጠሮ ሰጧት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

በነጋታው ሞተሩን ጋራዥ ወሰድኩት። «የፍሪሲዮን ሸራው አልቋል፣ ይቀየርልኝ» አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ምንም አልፈቱም። የፍሪሲዮኑን እጀታ በሁለት ጣት ነካ አደረጉና «ማነው እንዲህ ወጥሮ ያሰረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።» እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ኮርቼ ነበር። ገመዱ ላላ ብሎ ሳየው ራሴ በቁልፍ አጥብቄዋለሁ። የጠበቀ ሁሉ ደህና ይመስለኝ ነበር።

«ይኸውልህ፣» አሉ፣ «አንተ እጅህን ለቀህ ትነዳለህ፤ ገመዱ ግን አልለቀቀም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ውስጥ ሸራ የለበሱ ዲስኮችና ለስላሳ የብረት ዲስኮች ተራ በተራ ተደርድረዋል። ሞላዎች አንድ ላይ ይጫኗቸዋል፤ ሲጣበቁ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ፣ ከዚያም ወደ ጎማው ያሳልፋሉ። እጀታውን ስንይዝ ሞላው ይገፋና ዲስኮቹ ይላቀቃሉ፤ ማርሽ የምንቀይረው በዚያች ቅጽበት ነው። ገመዱ ከመጠን በላይ ከተወጠረ እጀታውን ብንለቅም ዲስኮቹ ሙሉ በሙሉ አይጣበቁም። ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ሁለት ሰው ጭኖ ሐረጎን ሲወጣ ግን ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። በጣም ከላላም ሌላ ጣጣ አለው፤ ዲስኮቹ በደንብ ስለማይላቀቁ ማርሹ ይደርቃል፣ ዜሮ ማርሽ ፍለጋ እግር ይደክማል።

ልኩ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ያህል እጀታው ምንም ሳይጎትት በባዶ መሄድ አለበት። የሞተራችሁ መመሪያ ካለ ደግሞ እሱን እመኑ።

ቀጠሉና «ዘይትስ ምን አደረግህበት?» አሉኝ። ለዘመናዊ የቤት መኪና የሚሆን፣ ውድ ዘይት ነበር ያደረግሁት፤ ከዘመድ መኪና የተረፈ። ሳቁ። ፍሪሲዮን የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፍትጊያ ማለት ነው። እንደኔ ያለው ሞተር ላይ ዲስኮቹ የሚሠሩት በዚያው በሞተሩ ዘይት ተነክረው ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ደግሞ ነዳጅ እንዲቆጥብ ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም አለው። ፍሪሲዮኑ የሚኖረው በፍትጊያ፣ እኔ የማጠጣው ፍትጊያ የሚያጠፋ። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚሆነው ዘይት ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት አለው።

ሸራ አልቀየሩልኝም። «መጀመሪያ ይሄን እንሞክር፣ እንቢ ካለ እንከፍተዋለን» አሉ። ዘይቱን አፍስሰው ትክክለኛውን ሞሉ። ገመዱን ከእጀታው ፈትተው በታች በኩል እስኪወጣ ድረስ ቀጭን ዘይት አንጠባጠቡበት፣ ጫፉ ላይ የተበጠሰ ክር እንደሌለው አዩ። ከዚያ ማስተካከያውን አላልተው ዳዶውን አሰሩ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞሩና እጀታው በሁለቱም በኩል ላላ ማለቱን አረጋገጡ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሸራ ዋጋ ይዤ ሄጄ የዘይት ዋጋ ከፈልኩ። ሸራው በመቃጠሉ ዕድሜው ማጠሩ ግን አልቀረም።

ልወጣ ስል «ይሄ ግን የሞተሩ ብቻ ነው፤ የእጅህን አንተ ነህ የምትሠራው» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ሠራሁት። ነዳጅ መቀነስ፣ ፍሪሲዮን መያዝ፣ ማርሽ፣ መልቀቅ። ሞተሩ የሚይዝባት ቦታ ላይ ስደርስ ጣቴን አዘገያለሁ፤ ድሮ እዚያ ነበር ወርውሬ የምለቀው። ማርሽ ስቀንስ ፍሪሲዮኑን እንደያዝኩ ነዳጅ ትንሽ ነካ አደርጋለሁ፤ ሞተሩና ጎማው ሲመጣጠኑ አይነጥርም። ስነዳ ጣቶቼን እጀታው ላይ ማሳረፍ ተውኩ፤ ለካ እሱም ሸራ ይበላል። ቀዝቅዞ ሲያድር ዲስኮቹ ይጣበቃሉና ጠዋት ሳላስነሳው እጀታውን ሦስት አራቴ እይዝና እለቃለሁ። በመሃል ዘይቱን አንዴ ደግሜ ቀየርኩት፤ የድሮው ቅሪት እንዲወጣ። ሐረጎን ብቻዬን፣ ከዚያ ጓደኛዬን ጭኜ ወጣሁት።

በቀጠሮው ቀን አልለመንኳትም። «እማ፣ ሚኒባስ ልጥራልሽ?» አልኳት። ሞተሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን። ሄልሜቱን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ዳገቱን ወጣን። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መታጠፊያው ላይ ተመልሶ ሁለተኛ። ሄልሜታችን አልተጋጨም። ያን ቀን የወረደችበት ቦታ ስንደርስ አፌ ደረቀ፤ እሷ ግን ከኋላዬ ስለ ጎረቤት ሰርግ እያወራች ነበር። ጃኬቴን የያዘችው እጅ ላላ ብሏል።

ደሴ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትወርድ «ዛሬስ ማርሹን ሳትነካው ነው እንዴ የመጣኸው?» አለችኝ።

«አዎ እማ» አልኳት።