ዝም ብለው የቆሙ ልጆች



የአሜሪካ ነገር ሲነሣ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ወሬ ነው የተለመደው። አንዱ ወገን አገሪቱን የምድር ጀነት ያደርጋታል። ሌላው ደግሞ ከጓንታናሞ እስር ቤት በቀር ምንም እንደሌላት አድርጎ ይናገራል። እኛም ከመድረሳ ወጥተን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ከሆንን ወዲህ፣ የሰሚውን ፊት እያየን አንዴ ይህን አንዴ ያንን ስንል ኖረናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ክርክሩ የሙስሊሞች አልነበረም። ይሁን እንጂ የራሳችንን ዙልም ገልጦ ያሳየን እርሱ ስለሆነ ማንሣቱ ግድ ሆነብን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በፔንስልቬንያ ግዛት ማይነርስቪል የምትባል የከሰል ድንጋይ ማውጫ ከተማ አለች። በ1935 በዚህች ከተማ አንዲት የ12 ዓመት ልጅና የ10 ዓመት ወንድሟ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጥፋታቸው በየማለዳው ለባንዲራ የሚሰጠውን ሰላምታ አንሰጥም ማለታቸው ነበር። ቤተሰባቸው የይሖዋ ምስክሮች፣ ብዙው ሰው በአገራችን «ጆቫ» እያለ የሚጠራቸው ዓይነት ናቸው። በእምነታቸው ለባንዲራ ሰላምታ መስጠት ለጣዖት እንደ መስገድ ይቆጠራል። ልጆቹ አልተሳደቡም፣ አልረበሹም። ሌሎቹ እጃቸውን ሲያነሡ እነርሱ ዝም ብለው ቆሙ፤ ሌላ ያደረጉት ነገር አልነበረም።

አባታቸው ከሰሰ። በሥር ፍርድ ቤትም በይግባኝም ረታ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ጁን 1940 ስምንት ዳኞች በአንድ ወገን፣ አንድ ዳኛ ብቻ በሌላው ወገን ሆነው ፈረዱበት። ጊዜው ሒትለር ፈረንሳይን የወረረበት ስለነበር አገሩ ሁሉ ስለ አንድነት ያወራ ነበር። ውሳኔውን የጻፈው ፊሊክስ ፍራንክፈርተር በልጅነቱ ከቪየና የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር፤ ስደተኛ ስለ ባንዲራ ከሁሉ ይልቅ ሲጨነቅ በሌላም አገር አይተናል። ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ሃርላን ስቶን ይባላል።

ፍርዱ በተሰማ በቀናት ውስጥ ሕዝቡ በይሖዋ ምስክሮች ላይ ተነሣ። ሜይን ግዛት ኬኔባንክ በምትባል ከተማ የጸሎት አዳራሻቸው ተቃጠለ። ኢሊኖይ ግዛት ሊችፊልድ ላይ የከተማው ሰው ወጥቶ ደበደባቸው። በየግዛቱ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። በዚያው ወቅት ጀርመን ውስጥ የዚያው እምነት ተከታዮች ለሒትለር እጃችንን አናነሣም በማለታቸው እስር ቤት ገብተው ነበር። የሚገርመው የአሜሪካ ተማሪዎች ለባንዲራ የሚሰጡት ሰላምታ ራሱ ያኔ ቀኝ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ ነበርና ከናዚዎቹ ሰላምታ ብዙም አይለይም። እጅን ደረት ላይ በማድረግ የተለወጠው በዲሴምበር 1942 ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ክርክር ከዌስት ቨርጂንያ ግዛት መጣ። ከልጆቹ መካከል ሁለት ትንንሽ እህትማማቾች ነበሩ። በዚህ መሐል ከዳኞቹ ሦስቱ «የቀድሞው ፍርዳችን ስሕተት ነበር» ብለው በጽሑፍ አስታውቀዋል። ጁን 14 ቀን 1943፣ አሜሪካኖች የባንዲራ ቀን ብለው በሚያከብሩበት ዕለት፣ በጦርነቱ መካከል፣ ፍርድ ቤቱ የራሱን ውሳኔ በስድስት ለሦስት ሻረ። ሮበርት ጃክሰን የተባለው ዳኛ የጻፈው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሰው እምነት በድምፅ ብልጫ የሚወሰን አይደለም፤ የትኛውም ሹም፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሰው ምን ማመንና ምን ብሎ መመስከር እንዳለበት ሊያዝዘው አይችልም። ፍራንክፈርተር እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። (በነገራችን ላይ በሁለቱም ክርክሮች ፍርድ ቤቱ የቤተሰቦቹን ስም በትክክል አልጻፈውም። ታሪክ እስከ ዛሬ የሚያውቃቸው በተሳሳተው ስም ነው።)

ይህን ያነበብነው ለ10ኛ ክፍል ትምህርት ስንዘጋጅ ነበር። እዚህ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ዘጋነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ እህታችን ከአንድ ኮሌጅ በር «ሻሽሽን አውልቂና ግቢ» ተብላ ተመልሳለች። ሁለት ቀን ሄዳ ሁለት ቀን ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን አብረናት ሄድን። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይናችንን ላለማየት እየሞከረ «ምን ላድርግ መምህር፣ ሕግ ሕግ ነው» አለን። እህታችን ቤት ገብታ ምሳዋን ሳትበላ ተኛች። እናታችን ሌሊቱን ዱዓ ሲያደርጉ አደሩ። የዚያን ጊዜ ቁጣችን እስካሁን አልበረደም።

ይህ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የሰልፍ ተረኛ ነበርን። ሚኒ ሚዲያው መዝሙሩን ሲጀምር አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እጆቹን ወደ ታች ለቅቆ ቆሟል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ «ጆቫ» ናቸው። ከሰልፉ አወጣነው። ለምን እንደማይዘምር ስንጠይቀው «ቲቸር፣ ቆሜያለሁ እኮ፤ አልረበሽኩም» አለ። በተማሪው ሁሉ ፊት ባንዲራው ሥር አንበረከክነው። ሲያበቃም ወላጅ ሳያመጣ እንዳይገባ ነግረን አባረርነው። መምህራኑ በሙሉ ደገፉን። በዚያ ትምህርት ቤት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ መምህር በአንድ ነገር እንደዚያ ተስማምተን አናውቅም።

በማግሥቱ እናቱ መጡ። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ሴት ናቸው። «መምህር፣ ልጄ ባለጌ አይደለም፤ ሃይማኖቱ ነው» አሉን። ከዚያም ራሳችን ላይ ያለውን ኮፍያ አየት አድርገው «እርስዎም ሃይማኖት ያለዎት ሰው ነዎት» ሲሉ ጨመሩ። እኛ ደግሞ፣ ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል፣ «አንቺ» እያልን ነበር የምናናግራቸው። «ሕግ ሕግ ነው» አልናቸው።

ያንን ቃል ከማን እንደ ሰማነው ትዝ ያለን ማታ ዒሻ ሰግደን ስናበቃ ነው። ትዝ ቢለንም ጠዋት ሄደን አላስተካከልንም። ሳምንቱ ሳያልቅ ልጁ ትምህርት ቤቱን ለቀቀ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ልጁ ሙስሊም ቢሆን ኖሮ ባንዲራው ሥር አናንበረክከውም ነበር።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003፣ ኒውዮርክ በተመታች በሁለተኛ ዓመቷ፣ ኦክላሆማ ግዛት መስኮጊ በምትባል ከተማ አንዲት የ11 ዓመት ሙስሊም ልጅ ሂጃብ መልበስ እንደማትችል ተነገራት። ደንቡ ኮፍያና የራስ መሸፈኛ የሚከለክል ሲሆን ሲወጣ የታሰበው የወሮበሎችን ምልክት ለማስቀረት ነበር። ሁለት ጊዜ ከትምህርት ታገደች። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያቀረበላት በአንድ ክርስቲያን ጠበቃ የተመሠረተው ራዘርፎርድ ኢንስቲትዩት ነው። በ2004 የፕሬዚዳንት ቡሽ የፍትሕ ሚኒስቴር ሳይቀር ከልጅቱ ጎን ቆመ፤ በሜይ ወር ስምምነት ተደረሰና ሂጃቧን እንደ ለበሰች እንድትማር ተፈቀደ። የሕግ አንቀጹ ከእነዚያ ከባንዲራው ልጆች ጋር አንድ ነው አንልም። መንገዱ ግን አስቀድሞ ሌሎች የረገጡት መንገድ ነበር። በ2015ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጺሙን በጥቂቱ ማሳደግ ለተከለከለ ሙስሊም እስረኛ በሙሉ ድምፅ፣ በሂጃቧ ምክንያት የልብስ መደብር ሥራ ለተነፈገች ወጣት ደግሞ በስምንት ለአንድ ፈርዷል።

ፖለቲከኞቹን ያመነ ግን ብዙ ጊዜ ተጎድቷል። በ2000 ምርጫ በርካታ የሙስሊም ድርጅቶች ቡሽን ደግፈው ነበር። ከምክንያታቸው አንዱ በምርጫ ክርክሩ ላይ ተከሳሽ የማያየውን ምስጢራዊ ማስረጃ ሲነቅፍ መስማታቸው ነው። ዓመት ሳይቆይ በኦክቶበር 2001 ፓትሪዮት አክት የተባለውን የስለላ ሕግ የፈረመው እርሱ ራሱ ሆነ። በ2002 ደግሞ ከ25 አገሮች፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሚበዛባቸው፣ የመጡ ወንዶች በልዩ ምዝገባ እየተጠሩ አሻራ ሰጡ። ከጎረቤቶቻችን ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

ፍርድ ቤቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይጸናም። ሕፃናቱን ነፃ ያወጣው ያው ፍርድ ቤት ዓመት ተኩል ቆይቶ በዲሴምበር 1944 ከጃፓን ዘር የሆኑ ሰዎች ከቤታቸው መባረራቸውን አጸደቀ። ወደ 120,000 የሚሆኑ ሰዎች ናቸው በጦርነቱ ዘመን ተነቅለው ካምፕ የገቡት፤ አብዛኞቹም ዜጎች ነበሩ። ውሳኔውን የጻፈው ሁጎ ብላክ ነው፤ በባንዲራው ጉዳይ «ተሳስተን ነበር» ካሉት ከሦስቱ አንዱ! አንድ ሰው ለአንዱ ሲራራ ለሌላው ልቡ ሊደነድን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር አንፈልግም፤ እኛም የእህታችንን በር እያስታወስን ነው ያንን ልጅ ያንበረከክነው።

ያ ጃፓናዊ አሜሪካዊ ይግባኝ ባይ፣ ፍሬድ ኮሬማትሱ፣ ረጅም ዕድሜ ኖረ። በ2003፣ በ84 ዓመቱ፣ ጓንታናሞ ለታሰሩ ሙስሊሞች ድጋፍ የሚሆን የጽሑፍ አስተያየት ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቀረበ። ሙስሊም አልነበረም። በእርሱ የደረሰው በሌላ ሰው እንዲደገም አልፈለገም። በጁን 2004 ፍርድ ቤቱ እስረኞቹ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችሉ ወሰነ።

በቅርቡም በማርች 2025፣ በረመዳን፣ አንዲት ቱርካዊት የዶክትሬት ተማሪ ቦስተን አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር ለማፍጠር ስትሄድ ፊታቸውን የሸፈኑ የመንግሥት ሰዎች መንገድ ላይ ያዟት። ጠበቆቿ እንዳመለከቱት ምክንያቱ ከዓመት በፊት ከሌሎች ሦስት ተማሪዎች ጋር በዩኒቨርሲቲው ጋዜጣ ላይ ስለ ጋዛ የጻፈችው ጽሑፍ ነበር። ከስድስት ሳምንት በላይ ታስራ በፌዴራል ዳኛ ትእዛዝ ተለቀቀች። ለፍርድ ቤቱ የድጋፍ አስተያየት ካስገቡት መካከል የአይሁድ ድርጅቶች ነበሩ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን ባልተገባ ነበር። ሒልፈል ፉዱልን በመድረሳ ተምረናል፤ ከየመን የመጣ ነጋዴ መካ ላይ ገንዘቡን ሲከለከል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት ከሙሽሪኮች ጋር ሆነው ለተበደለ ለመቆም ቃል የገቡበት ስምምነት ነው፤ ከነቢይነታቸው በኋላም አላፈረሱትም። የነጃሺንም ታሪክ ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ እናወራለን። ስናወራው ግን ራሳችንን ሁልጊዜ በተሰዳጁ ቦታ እንጂ በንጉሡ ቦታ አስቀምጠን አናውቅም። በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ሥልጣን የነበረው በእኛ እጅ ነበር።

መጽሐፉን በዘጋን ሰሞን የድሮ ኡስታዛችን ዘንድ ሄደን ነገሩን ሳንደብቅ ነገርናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ኢስቲግፋር አድርገህ ይሆናል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ዘንድ ነው ያለው። ለምን እኔ ጋ መጣህ?» አሉን።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን። እናቱ እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ወዲያው አወቁን። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስመዘንን፣ ከፈልን፣ ሦስት ራስ መረቁልን። ከዚያ «እትዬ፣ በልጅዎ ላይ አጥፍተናል፣ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። መልሱን ሳይሰጡ ሚዛናቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ልጁ ሌላ ከተማ አጎቱ ዘንድ ሆኖ እንደሚማር፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል እንደ ደረሰ ነገሩን።

«የተንበረከከው እርሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለዓመት በዓል ሲመጣ እነግረዋለሁ። ከፈለገ እርስዎ ጋ ይመጣል።»

ሁለት ዓመት በዓል አለፈ። አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት የምንገዛው ከእርሳቸው ነው።