ሰባ አምስት ዋት

ስንኝ የሚቋጥር ሰው ልክን ያውቃል። የወል ቤት ግጥም በስድስትና በስድስት ቀለም ይሄዳል፤ ሰባተኛው ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር ቤቱን ያናጋዋል እንጂ አያስጌጠውም። እኔም እንደ አቅሜ ከዚህ ልክ ጋር ስታገል የኖርሁ ሰው ነኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሌላ ልክ ተዋወቅሁ፤ ሰባ አምስት ዋት ይባላል። ያስተዋወቀኝም የቅኔ መምህር ሳይሆን የታላቅ እኅቴ ልጅ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ቡሬ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከነቀምት የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ኑሮዋ ከመንገድ ነው። መንገድ ሲዘጋ ሌላውም ሁሉ አብሮ ይዘጋል። መስከረም ጠብቶም የልጁ ትምህርት ቤት አልተከፈተም። በዚያ ዓመት የአንድ ወጣት ቀን ምን ይመስል እንደ ነበር በቅርብ አይቻለሁ። ጠዋት እናቱን ያግዛል። ረፋድ ላይ በር ላይ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ እናቱ "ግባ!" ትለዋለች፤ ይገባል። ማታ ተኩስ ከተሰማ ሁላችንም ወለል ላይ እንቀመጣለን። ከዚያም ይነጋል፤ የነጋውም ቀን ያው ትናንት ነው።

በዚህ መካከል ልጁ አንድ ደብተር ነበረው። የፊዚክስ ደብተር ነው፤ ትምህርቱ ከጥቂት ገጾች በኋላ ተቋርጧል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ኮምፒዩተር ነው። መስመር ሳይቋረጥ በፊት በስልኩ ካያቸው ቪዲዮዎች የሚያስታውሰውን፣ ከፕሌይስቴሽን ቤቱ ልጅ የሰማውን፣ ማመልከቻ ከሚተየብበት ሱቅ ጠይቆ ያገኘውን እየለቀመ ጽፎታል። የቆሎ ተማሪ ከየደጁ ቁራሽ እንደሚሰበስብ ማለት ነው፤ አኩፋዳው ደብተሩ ነበር። ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ግራፊክስ ካርድ… በየስማቸው ትይዩ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚስማሙ፣ ከማን ጋር እንደሚጣሉ ተጽፏል። አንድ ምሽት ደብተሩን አቀበለኝና "አጎቴ፣ እስኪ አንብበው" አለኝ። ግዛልኝ አላለም። የፈለገው አንባቢ ነበር፤ ይህን ደግሞ ግጥም ጽፎ የሚያነብለት ያጣ ሰው ያውቀዋል።

የልጁ ሐሳብ ጌሚንግ ኮምፒዩተር መገጣጠም ነው፤ ለጨዋታ የሚሆን፣ ሥዕሉ የማይቆራረጥ። ከዱባይ የሚመጣው አዲሱ፣ ጎኑ መስተዋት የሆነውና እንደ ሠርግ ድንኳን የሚያብለጨልጨው፣ በደብተሩ ውስጥ አልነበረም። ዋጋው የእኔን የብዙ ወራት ደመወዝ እንደሚበላ ያውቃል። እሱ የጻፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ በጅምላ ያስወግዳሉ፤ እነዚያም በነጋዴ እጅ ዞረው መርካቶ ይገባሉ። ልብስ ሰልባጅ እንዳለው ሁሉ ኮምፒዩተርም አለው። ከእነዚህ አንዱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 የሚባል ጥቁር ሳጥን ነው፤ በውስጡ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኮር አይ ፋይቭ 4590 ፕሮሰሰር አለ። ዕድሜው ገፍቷል፤ አራት ኮር ግን አለው፤ ለጨዋታም ገና አልደከመም።

ሰባ አምስቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሳጥን ለጸሐፊ እንጂ ለተጫዋች አልተሠራም። ፓወር ሰፕላዩ በጠቅላላው 290 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም የለውም። በሌላ ይለወጥ እንዳይባል፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያዝበት መሰኪያ እንደ ተለመደው ባለ 24 እግር ሳይሆን ፋብሪካው ለራሱ ያበጀው ባለ 8 እግር ነው። ስለዚህ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል በተሰካበት ማስገቢያ በኩል የሚመጣው ብቻ ይሆናል፤ የማስገቢያው ልክ ደግሞ 75 ዋት ነው። ልጁ የካርዶችን ስም ከላይ እስከ ታች ደርድሮ አንድ በአንድ ሰርዟቸዋል፤ ይኼ 120፣ ያ 150፣ ሌላው ከዚያም በላይ። ሳይሰረዝ የቀረው ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነበር። ባለ 4 ጊጋባይት፤ ፍላጎቱ ልክ ሰባ አምስት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ገጹ ሰርዞ ሰርዞ አንድ ቃል ያስቀረ ገጣሚ ገጽ ይመስል ነበር። ልገዛለት የወሰንሁት ያን ገጽ ሳይ ነው።

ባንክ የሚሠራ ሰው በዕቁብ ገንዘብ ሲያጠራቅም ሰዎች ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ሃያ ሰዎች ሆነን በወር 1,500 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 30,000 ብር ይወስዳል። የእኔ ዕጣ በነሐሴ 2016 ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 22 ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን አስታውቆ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በነሐሴ ውስጥ መቶን አለፈ። የዕለቱን ምንዛሪ ለጠያቂ የምነግረው እኔ ነኝ፤ ለዓመታት ከአፌ ሲወጣ ምንም ስሜት የማይሰጠኝ ቁጥር ነበር። ያን ሰሞን ግን ቁጥሩን በተናገርሁ ቁጥር አንድ ዕቃ ከደብተሩ ላይ ሲፋቅ ይታየኝ ጀመር። 30,000 ብር በሰኔ ከ520 ዶላር በላይ ነበረ፤ እጄ ሲገባ ከ300 በታች ሆነ። አንዲት ብር አልጎደለችም፤ ቆጥሬ ነው የተቀበልሁ። የመርካቶ ነጋዴም ዕቃው አስቀድሞ የገባ ቢሆን እንኳ ዋጋውን የሚተምነው በነገው ዶላር ነው። አልፈርድበትም፤ የሸጠውን የሚተካው በነገው ዶላር ነዋ።

እኅቴ ሰማች። "ለትምህርቱ ነው?" አለችኝ።

ይህች ጥያቄ ወጥመድ ናት። በአገራችን ለልጁ ኮምፒዩተር የሚገዛ ወላጅ ሁሉ "ለትምህርት" ብሎ ይገዛል፤ ልጁም "ለትምህርት" ብሎ ተቀብሎ ይጫወትበታል፤ ውሸቱን ሁለቱም እያወቁ በሰላም ይኖራሉ። እኔ ይህን ውሸት አልወደውም። ጨዋታን እንደ ስርቆት ተደብቀው የሚሠሩት ነገር ያደርገዋል።

"እትዬ፣ ለጨዋታ ነው" አልኋት።

ጥቂት ዝም ብላ "ጤፍ ስንት እንደ ገባ ታውቃለህ?" አለች።

"አውቃለሁ። ልጅሽ ግን ከበር ላይ ይነሣልሻል።"

በዚያ ወራት የጎረምሳ ልጅ በር ላይ መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናት አይነገርም። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው አላነሣችም።

ደግሞስ ጨዋታን ማን ነው ያቀለለው? አባቶቻችን የገናን ጨዋታ ከታላቅ በዓል ጋር አስተሳስረው፣ ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት አድርገው አቆይተውልናል። ገበጣንም እረኛው መሬት ምሶ፣ ጠጠር ለቅሞ ይጫወተዋል፤ ከእርሱ የረከሰ የጨዋታ መሣሪያ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ በጻፈው ጥናት ታላቅ የታሪክ ምሁር ጊዜውን ለጠጠርና ለጉድጓድ ሲሰጥ እናያለን። በዘመናችንም ቅኔ ጌምስ የሚባል የአዲስ አበባ ድርጅት ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን "ኩኩሉ" የተባለ የስልክ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ስሙን ቅኔ ማለቱ ለእኔ ለጎጃሜው ደስ ይለኛል።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ሒሳቡ ይኸው፦ ሳጥኑ 13,500፣ ያገለገለ ስክሪን 4,000፣ ካርዱ 9,500፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ማከማቻ 2,500 ብር። የቀረችው 500 ብር ለሚያመጡት ሰዎች ሆነች። ከአዲስ አበባ ቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደኅናው ጊዜ የአንድ ቀን መንገድ። የእኛ ዕቃ ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር 2017 በቁርጥራጭ መጣ። ሁሉንም ለአንድ ሰው መስጠት ሁሉንም በአንድ ቀን ማጣት ሊሆን ስለሚችል በተለያየ ሰውና በተለያየ ቀን ተላከ። ሳጥኑ በጭነት መኪና፣ ኤስኤስዲው በአንድ ዘመድ የሸሚዝ ኪስ፣ ካርዱ ደግሞ በአንዲት እናት ጓዝ ውስጥ በጋቢ ተጠቅልሎ የዓባይን በረሃ ተሻገረ። ሴትዮዋ ምን እንደ ያዙ አያውቁም ነበር፤ ሲያስረክቡን "ጽላት ነው እንዴ እንዲህ የተጠቀለለው?" ብለው ሳቁ።

የገጣጠምንበት ሌሊት መብራት ነበር። ሳጥኑ ላይ በጀርመንኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ በሰልባጅ ካፖርት ኪስ ውስጥ የሰው አውቶቡስ ቲኬት እንደሚገኘው ዓይነት። ኪቦርዱም የጀርመን ስለ ነበረ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ልጁ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ፈትቶ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጠቀውን አሮጌ ቅባት በጥጥና በአልኮል አጸዳ፤ አዲሱን የምስር ፍሬ በምታህል ጠብታ ቀባ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ያን እጅ በማይክሮስኮፕ ላይ ወይም በሰው ቁስል ላይ አሰብሁት፤ ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ። ከሁለቱ የራም ቁራጮች አንዱ አልሠራም። ሻጩን ደውለን "ስልከው ደኅና ነበር" አለ፤ ክርክሩም እዚያው ቀረ። ራም ሁለት ሆኖ ሲሰካ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ነው፤ እኛ በአንዱ መስመር ሄድን። ጨዋታዎቹ በአንድ ሰው ሃርድ ዲስክ ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በስክሪኑ ውስጥ አንድ መኪና በባሕር ዳርቻ፣ ማንም በማያስቆመው ረጅም መንገድ ላይ መንዳት ጀመረ። ልጁ ተልእኮውን ትቶ ዝም ብሎ ነዳ። እኅቴ ከኋላችን ቆማ "የት ነው የሚሄደው?" አለች። "የትም፤ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ነው" አላት።

ያን ጊዜ ነበር መብራት የሄደው። በጨለማው ውስጥ ማንም አልተናገረም። ዓመት የደከመበት ዕቃ ተቃጥሎ እንደ ሆነ ሁላችንም በልባችን እናስባለን። ጥቂት ቆይቶ ልጁ፣ እንደ ሕፃንነቱ፣ "ኩኩሉ!" አለ። እናቱ ሳትዘገይ "አልነጋም!" ብላ መለሰችለት። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ እንዲያ ሲሳቅ አልሰማሁም ነበር። ኮምፒዩተሩም አልተቃጠለም፤ በማግስቱ ስታቢላይዘር ተውሼ አመጣሁ።

ሳጥኑ ዛሬም ይሠራል። ሁለተኛው ራም ተተክቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም ልጁ አዲስ ደብተር ጀመረ፤ ፕሮሰሰሩ ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ውስጥ ስላልሆነ አሁን የሚያጠናው ሊኑክስን ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ደብተሩን ገልጦ አንድ የተሰመረበት ስም አሳየኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አርቲኤክስ 3050፣ ባለ 6 ጊጋባይቱ፣ ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራ፣ 70 ዋት።

"አጎቴ፣ አምስት ዋት ይተርፈናል" አለኝ።

ዋጋውን አልጠየቅሁትም። የዘንድሮው ዕቁብ ዕጣ ገና አልወጣልኝም።