የእናታችን ዕቁብና የማስተርሱ ጽሑፍ



በፔታሕ ትቅቫ በሚገኘው ቤታችን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እንግዳ አብሮን ኖሯል። ስሙ «ቴዛ» ይባላል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት ነው። የወጥ ቤታችንን ጠረጴዛ ግማሽ ይዞ፣ ልጆቻችንን «ዝም በሉ» እያሰኘ፣ ሰንበት ሲገባ ብቻ ቦታውን ይለቅ ነበር። እኛ ባልና ሚስት ነን። ሚስት እዚሁ አቅራቢያችን ካለ ኮሌጅ የወጣች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስትሆን፣ ባል ቀን በሒሳብ ቢሮ እየሠራ ለማስተርስ የሚማር ነበር።

በእስራኤል ሁለተኛ ዲግሪን ከቴዛ ጋርም ያለ ቴዛም መማር ይቻላል። የሒሳብ ባለሙያ (ሮኤ ሔሽቦን) ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልገው የሒሳብ ባለሙያዎች ምክር ቤት ፈተናና የሁለት ዓመት የሥራ ልምምድ ነው፤ ቴዛ አይጠየቅም። ስለዚህ «ታዲያ ለምን ትደክማላችሁ?» ያሉን ብዙ ናቸው። ለዶክትሬት መንገዱን የሚከፍተው ቴዛ ስለሆነ ነው። ከዚያም በላይ፣ የወገኖቻችን የገንዘብ አያያዝ በራሳችን ልጅ እጅ ተጽፎ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ስለ ፈለግን ነው።

ተማሪያችን መጀመሪያ ያቀረበው ርእስ «የኢትዮጵያውያን ገንዘብ አያያዝ በእስራኤል» የሚል ነበር። አማካሪ መምህሩ «ይህ አሥር ቴዛ ይወጣዋል፤ አንዱን ምረጥ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሐጋር ሰሎሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ በእስራኤል ስላለው የኢትዮጵያ ሴቶች ዕቁብ ያሳተሙትን ጥናት አንብቦ፣ ጥያቄውን ከሒሳብ መዝገብ በኩል ሊያነሣው ወሰነ። አንድ ዕቁብ፣ አንድ ዙር፣ 12 ሴቶች።

ዕቁቡ የእናታችን ነበር። እናታችን በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ የዕቁቡም ዳኛ ናቸው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብንላቸው «እኔ የረሳሁት የለም» ሲሉ መለሱልን። የፈሩት ስም በወረቀት መውጣቱን ነበር። በማኅበራዊ ሥራ የተማርነው የመጀመሪያው ነገር የሰው ምስጢር የሰውየው መሆኑን ነውና፣ እያንዳንዷን ሴት ፈቃዷን ጠየቅን፤ በስም ፈንታም ቁጥር ሰጠናቸው። ከዚህ በኋላ እናታችን ቡና እያፈሉ ዙሩን በሙሉ በቃላቸው ነገሩን።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። 12 ሴቶች በየወሩ 500 ሼቄል ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣላት 6,000 ትወስዳለች። በመጀመሪያው ወር የደረሳት 500 ሰጥታ 6,000 ስለ ተቀበለች 5,500 ባለዕዳ ናት። የመጨረሻዋ ግን እስከ 11ኛው ወር 5,500 አስቀምጣለች። አንዷ ያለ ወለድ ትበደራለች፣ ሌላዋ ትቆጥባለች፤ በ12ኛው ወር ሁሉም ዜሮ ይሆናል። በዕብራይስጥ የመዝገቡ ሁለት ጎኖች «ሖቫ» እና «ዝኹት» ይባላሉ፤ ግዴታና መብት ማለት ነው። እናታችን ይህን ሲሰሙ «ይህንማ እኛም እናውቃለን» አሉ።

ሉካ ፓቾሊ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ማንኛውም ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ። ችግር የገጠመን በዚህ ላይ ነው። ሴቶቹን ለየብቻ ስንጠይቅ አንዷ «ባሌ በሞተ ጊዜ ሦስት ወር አልከፈልሁም» አሉ። እንደ እናታችን ቃል ግን በነዚያ ወራት ሁሉ ባለ ዕጣዎቹ ሙሉ 6,000 ወስደዋል። ወጪው ሙሉ ነው፤ ከገቢው 1,500 ጎደለ። ሴትዮዋም «የቀረውን እናትህን ጠይቅ» አሉት።

እናታችን ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን «እኔ ከፈልሁ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ብዬ ነው» አሉን። ቢሮ እያጸዱ ካገኙት ደመወዝ ነበር። ተማሪያችንም 1,500ውን የእናታችን ዝኹት፣ የሴትዮዋ ሖቫ አድርጎ ሊጽፍ ተነሣ። በሒሳብ ትምህርት ቤት የተማረው ይህንኑ ነው። እናታችን ግን ተቆጡ፤ «ዕዳ ነው ብለህ ከጻፍህ ሳትበደር ባለዕዳ አደረግሃት። ያ የዕቁብ ገንዘብ አይደለም፤ የለቅሶ ነው» አሉት።

በዚያ ሌሊት አልተኛንም። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ምዕራፍ እንደገና ተጻፈ። ሠንጠረዡ ላይ «ስጦታ 1,500» የሚል መስመር ገባ፤ የሰጪም የተቀባይም ስም የለበትም። ዕቁብን የሚያቆመው ዕጣውና መዋጮው ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለው ያልተመዘገበ መሸፋፈን መሆኑ የቴዛው ዋና ነጥብ ሆነ፤ ጽሑፉም ጸደቀ። ይህንን የምንጽፈው ሁለቱም እናቶች ፈቅደውልን ነው፤ ጊዜውን ግን አንናገርም።

ቴዛ የጀመራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ርእሳችሁን አጥብቡ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ከመመደባችሁ በፊት ባለቤቱን አነጋግሩ። ሂሳባችሁ ትክክል ሆኖ ሰው ላይ ያልነበረ ዕዳ ሊጭን ይችላልና።

ጠረጴዛችን ተመልሶልናል። እናታችን አሁንም ቡናቸውን እዚያው ያፈላሉ፤ አዲሱን ዙር ግን ደብተር ገዝተው የልጅ ልጃቸው እንድትጽፍላቸው አድርገዋል።