ባለትዳር ነበሩ

እውነቱን ልናገርና፣ የኔታ ዘንድ ዜማ መማር የጀመርኩት ለነፍሴ አስቤ ብቻ አልነበረም። ትዳሬ ገና ጨቅላ ነበር፤ እኔና ባለቤቴ ከመነጋገር መኳረፍ የሚቀለን ሰዎች ሆነን ነበር። ማታ ሱቄን ስዘጋ ቤት ቶሎ ላለመግባት ምክንያት እፈልጋለሁ። የዜማ ትምህርት ደግሞ ማንም የማይወቅስበት ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን ያመሸን ሰው «የት ነበርክ?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም።

የኔታ የሚኖሩት ከመርካቶ ራጉኤል ብዙም በማይርቅ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነበር። የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጮች መዶሻቸውን እስኪያስቀምጡ ድረስ ጉሮሮ መጥረግ እንጂ ማዜም አይታሰብም። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸውና የመግሪብ አዛን ሲጀምር የኔታ እጃቸውን አንስተው ያስቆሙናል። «ይጨርሱ» ይላሉ። አዛኑ ሲያበቃ ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን።

የዜማ ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። መምህሩ አንድ ሐረግ ያሰማሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ከሳተ እንደገና ያሰማሉ። በዜማው መጽሐፍ በድጓ ላይ ከቃላቱ አናት ተጽፈው የሚታዩት ምልክቶች፣ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት ዜማውን ለሚያውቅ ማስታወሻ ናቸው፤ ለማያውቅ ግን ምንም አይነግሩም። እነሱንም ቢሆን ያዘጋጇቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። የዜማው ደራሲ ቅዱስ ያሬድ ግን የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። እንግዲህ የዜማው ስልቶች፣ ግዕዙም፣ ዕዝሉም፣ አራራዩም፣ አንድ ሺህ ዓመት ያህል የተሻገሩት ያለ ምልክት፣ አንዱ እያሰማ ሌላው እየሰማ ነው ማለት ነው። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል በስህተታችን ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ሃያ ጊዜ ብንስት ሃያ ጊዜ ያሰሙናል፤ ሃያኛው ከመጀመሪያው የጠነከረ ድምፅ አይደለም።

ባለቤታቸውን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ከበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች ዛላ በርበሬ እየተቀበሉ፣ እየቀነጠሱ፣ በሚከፈላቸው ገንዘብ ቤቱን ይደጉማሉ። የማኅሌት አገልጋይ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በርበሬው ቤት ውስጥ ከተቀነጠሰ እኛ ስናስል ስለምናመሽ፣ ትምህርት ሲጀመር እትዬ ሰፌዳቸውን ይዘው ይወጡና ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ክረምት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግተው ይሠራሉ። ዝናቡ ሲበረታ የኔታ ቃሉን ያቋርጡና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወደ ውጭ ያቀብላሉ። እትዬ ያለ ምንም ንግግር ይቀበላሉ። ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል።

አንድ ምሽት፣ የጾመ ድጓ ትምህርት ላይ፣ የኔታ መሐል ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር፤ ቃሉ ጠፋባቸው። መጽሐፉን እንዳያዩ ዓይናቸው ደክሟል። እኛም ተማሪዎቹ መሬት መሬት ስናይ፣ ከደጃፉ ቀጭን ድምፅ ተነሥቶ የጠፋውን ሐረግ ከነርክርኩ አወጣው። እትዬ ነበሩ። እጃቸው በርበሬውን አልለቀቀም። የኔታ ሳያፍሩ ተቀበሏቸው፤ እኛ ከእሳቸው እንደምንቀበለው አድርገው ደገሙና ወደ እኛ ዞር ብለው «ደግማችሁ ስሙ፤ በትክክል የያዙት እሳቸው ናቸው» አሉን።

ጎጃም፣ ጽላሎ፣ እማሆይ ገላነሽ ዓይናቸው ሳያይ ከአባታቸው የሰሙትን ይዘው የቅኔ መምህር እንደሆኑ ሰምቼ እደነቅ ነበር። እዚሁ መርካቶ፣ ሰፌድ ይዞ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሊቅ እንዳለ ግን እስከዚያ ምሽት አልጠረጠርኩም።

ቀስ እያልኩ ትዳራቸውን ማወቅ ያዝኩ። በተክሊል የተጋቡት የኔታ ዲያቆን ሳሉ ነው፤ ከዚያ ቅስና ተቀበሉ። ልጅ አልወለዱም። ዘመድ መጥቶ ያልመከራቸው ምክር የለም። ቄስ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል፣ ቅዳሴ አይገባም፤ ማኅሌት ቆሞ ዜማ ማስተማሩን ግን የሚከለክለው የለም። ይህን መንገድ የሄዱ አሉ፤ ዘመድም ያሳያቸው እሱኑ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ስለዚሁ ጠየቅኳቸው። «ልጅ ላገኝ ብዬ ቃሌን ባፈርስ፣ ያገኘሁትን ልጅ ምን ብዬ ላስተምረው ነው?» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ ወደ ቀለሙ ተመለስን።

ያን ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። የኔታ ቤት ያው ሐረግ ሃያ ጊዜ ሲባል የማይሰለቸኝ ሰውዬ፣ ባለቤቴ አንድ ነገር ሁለቴ ስትለኝ የሚያንገሸግሸኝ ለምንድን ነው? ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ «ጠዋት ያልሽውን እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። የማሾፍ መስሏት ነበር። ደገመችው። መልስ ሳላዘጋጅ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ኩርፊያችን በአንድ ሌሊት አልተነቀለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ የኔታ ቤት የምሄደው ከቤቴ ለመሸሽ አልነበረም።

የኔታ ሲያርፉ በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ከጋይንቱ የድጓ ምስክር ቤት ከቤተልሔም ጀምሮ ያለፉበት ጉባኤ፣ የተቀበሏቸው መምህራን፣ ያፈሯቸው ደቀ መዛሙርት ተራ በተራ ተጠሩ። ሌላ ጊዜ «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» በሚባልበት ቦታ፣ ልጅ ስላልነበራቸው ሁለት ቃል ብቻ ተነበበ፤ «ባለትዳር ነበሩ።» እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

በጉባኤ ቤት ልማድ ተማሪ የመምህሩን መምህር ስም እያነሣ የትምህርቱን የዘር ሐረግ ይቆጥራል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሐረጉን የመገቡት፣ ጉባኤው እንዳይታጠፍ ውጭ ዝናብ ላይ የተቀመጡት፣ መምህሩ ሲረሳ ያስታወሱት ሴቶች በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሉም። የእትዬን ስም እኔም እዚህ ያልጻፍኩት «በሕይወት እያለሁ ስሜን አታውጣ» ስላሉኝ ነው። እናንተ ግን የመምህራችሁን የሕይወት ታሪክ የምትጽፉበት ቀን ሲመጣ፣ የሚስታቸውን ስም ከነሥራቸው ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ በሕይወት ያሉትን ሂዱና ጠይቋቸው፤ የሚያሰሙት ቀለም አላቸው።